ምንጩ ያልተጠቀሰ ማስረጃ

ተማሪዎቹ «ቋጣሪው» ይሉት ነበር፤ ሐሰትም አላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቋንቋ ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የክርክር ውድድር ላይ ሲዳኝ፣ ከእጁ አሥር ከአሥር ያገኘ አንድ ሰው የለም። «አሥር ብሰጥህ ነገ ምን ልታሻሽል ትመጣለህ?» ይላል። ዘጠኝ የሰጠ ቀን ደግሞ ቤቱ ገብቶ ያበዛሁ ይሆን እያለ ሲቆጨው ይውላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አዲስ ዳኞችን የሚያሠለጥነውም እሱ ነበር። ነጥብ መስጫውን ቅጽ ያድላቸውና፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጀምራል። «ስሙኝ እንግዲህ። ዳኛ ሚዛን ነው፤ ሚዛን ያልጫኑበትን አይመዝንም። ያልተባለ አይመዘንም፤ እናንተ በልባችሁ እንዳትሞሉለት። ከደወል በኋላ የተባለ እንዳልተባለ ነው፤ ደወል ሲሰማ ብዕር ይከደናል። ተከራካሪው ወገኑን የሚያገኘው በዕጣ ነው፤ ስለዚህ ያለውን ሁሉ ያምንበታል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እንባ ነጥብ የለውም። ማስረጃ ሲቀርብ ምንጩ ይጠቀስ። ምንጭ የሌለው ማስረጃ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ለጎረቤት ነው።»

ሕጉ ሕግ ነው፤ ማንም አይጣላውም። ለክርክር አዳራሽ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ጣጣው ሰውዬው ከአዳራሹ ሲወጣ ሕጉን እንደ ኮቱ ለብሶት መውጣቱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ፍጻሜው ሆነ። አዳራሹ ማይክሮፎኑ በየመሀሉ የሚጮህበት፣ ግማሹ ወንበር አንድ እግሩ የጎደለ፣ መስኮቱ የማይከፈት አዳራሽ ነው። ቋጣሪው ከሁለት ዳኞች መሀል ተቀምጧል። ከጎናቸው ባለች ትንሽ ጠረጴዛ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሰዓቷንና የእጅ ደወሏን ይዛ ተሰይማለች። ሰዓት ያዥ እሷ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ደውላለች፣ አንድ ሰከንድ ለማንም ጨምራ አታውቅም። ርዕሱ «ጎረቤት በጎረቤቱ ቤት ጠብ ጣልቃ መግባት አለበት» የሚል ነው።

ለተቃዋሚው ወገን የቆመችው አንዲት ቀጭን ልጅ ናት፤ የሹራቧ እጅጌ እስከ ጣቶቿ ወርዷል። ወረቀት አልያዘችም። ቋጣሪው ወረቀት የማይዝ ተከራካሪ ይወዳል፤ መነጽሩን አስተካከለ።

«አንድ ቤት እናስብ» ብላ ጀመረች። «በዚህ ቤት አባት፣ እናትና አንዲት ልጅ አሉ። አባት ከሥራ ሲገባ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ ሰላም ነው። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ከተቀመጠ ግን ልጅቷ ቴሌቪዥኑን ከፍ ታደርጋለች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ጎረቤት ግን ይሰማል። ጎረቤት ደግ ነው፤ መጥቶ ያንኳኳል። አባት ፈገግ ብሎ ይከፍታል። 'ይቅርታ፣ ቴሌቪዥኑ ነው' ይላል። እናትም ከኋላው ብቅ ብላ 'ምንም የለም' ትላለች። ጎረቤት ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ አባት ፎጣ በውኃ ይነክራል። እርጥብ ፎጣ ምልክት አይተውም። አሁን የሚመታው ቅድም ስለመታበት ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ጎረቤቱ ነው። 'ማን ነገረው?' ነው ጥያቄው። እንግዲህ ጎረቤት ጣልቃ ገብቶ ማንን ጠቀመ? ራሱን። ሌሊቱን ተኝቶ አደረ። በዚያ ቤት ግን የተኛ የለም።»

ቋጣሪው ቅጹ ላይ «ሐሳብ» ከሚለው አጠገብ ዘጠኝ ጻፈ፤ እጁ ራሱ የጻፈው እስኪመስለው ድረስ።

የደጋፊው ወገን ልጅ ደረቱን ነፍቶ ተነሳ። «አበው ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል! ታዲያ እህቴ፣ ሰው እስኪሞት እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ?» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ልጅቷ መልስ ልትሰጥ ቆመች። «ጠብቁ አልወጣኝም። እኔ ያልኩት፣ የሚያንኳኳ ሰው ከማንኳኳቱ በፊት ከበሩ ኋላ የሚቀሩትን ያስብ ነው። ይዟቸው የሚሄድበት ቦታ ከሌለው…»

ደወሉ ተመታ። ቋጣሪው ብዕሩን ከደነ። ልጅቷ አልተቀመጠችም፤ ከማይክሮፎኑ ዞር ብላ ወደ ዳኞቹ አየችና አንድ ሁለት ቃል ጨመረች። እሱ ግን በዚያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነጥብ ይደምራል።

አሸነፈች። እንደ ልማዱ አስተያየት ሊሰጥ ማይክሮፎኑን ተቀበለ። «አቀራረብሽ ግሩም ነው። መልስሽም ስል ነው። ማስረጃሽ ላይ ግን ሁለት ነጥብ ቀንሻለሁ፤ ምንጭሽን አልጠቀስሽም። እስቲ ንገሪን፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

ልጅቷ እጅጌዋን ወደ ጣቶቿ ጎተተች። «ከጎረቤት» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቋጣሪውም ከልቡ ሳቀ።

ቤቱ እንደገባ ለሚስቱ ያወራላት ጀመር። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት በድንገተኛ ክፍል። ለከሰዓት ተረኛ ስለነበረች የሥራ ጋውኗን እየተኮሰች ነው የምታዳምጠው። እሱ መሀል ወለል ላይ ቆሞ ልጅቷን ሆኖ ያቀርባል፤ ቁልፉን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ፈገግታውን። ፎጣው ላይ ሲደርስ ሚስቱ ካውያውን አቆመች።

«ፎጣ አለች?»

«አዎ፣ እርጥብ ፎጣ ምልክት አይተውም አለች። ምን ዓይነት ምናብ ነው በይ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እርጥብ ፎጣ ምልክት እንደማይተው ታውቅ ነበር?»

«እኔ የት አውቄ!»

«እኔም ድንገተኛ ክፍል እስክገባ አላውቅም ነበር። እሷ ከየት አወቀችው?»

«ምን ነካሽ፣ ዕጣ እኮ ነው! ተቃወሚ የሚል ደረሳት፣ ተቃወመች። ወገኑ የሷ አይደለም።»

«ወገኑ በዕጣ ደርሷታል፣ እሺ። ፎጣውንም በዕጣ ነው ያወጣችው?»

ቋጣሪው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«መጨረሻ ላይ ምን አለች?» አለች ሚስቱ።

«ደወል ተደወለባት።»

«ከደወሉ በኋላስ? ዝም አለች?»

«የሆነ ነገር አለች መሰለኝ። አላዳመጥኩም። ከደወል በኋላ…»

«ጆሮህም በደወል ነው እንዴ የሚከደነው?» ካውያውን ነቀለችው። ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው የሚፈራት። «አሁን ስማኝ። ብቻህን እንዳትሄድ። አንኳኩቶ መመለስ ምን እንደሚያመጣ ልጅቷ ራሷ ነግራሃለች። እኔ ሐሙስ ተረኛ አይደለሁም። ከሆስፒታላችን የተጎዱ ሴቶችን ጉዳይ የምትይዘውን ሠራተኛ ይዤ፣ ለእናትና ልጅ ማደሪያ አዘጋጅተን፣ ከፖሊስ ጋር አብረን እንሄዳለን። ማደሪያ ሳይኖር በር አይንኳኳም። ገባህ?»

«ገባኝ፣ እሺ» አለ።

እሑድን እንዴት እንደዋለ እሱ ነው የሚያውቀው። ሳቁ ነበር የሚያስጨንቀው፤ የገዛ ሳቁ። ልጅቷ እጅጌዋን ስትጎትት ትታየዋለች። ሰኞ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ሄዶ ከጸሐፊዋ ፊት ቆመ።

«ቅዳሜ ያቺ ልጅ ከደወሉ በኋላ የሆነ ነገር ብላ ነበር» አለ።

«ብላለች» አለች ጸሐፊዋ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

«ሰምተሻል?»

«አጠገቤ እኮ ነበረች። 'የደረሰኝ ወገን ይኸው ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ኑ። ብቻ አንኳኩታችሁ አትሂዱ' አለች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ጸሐፊዋ አሁን ቀና አለች። «እኔ ደወል መቺ ነኝ፣ መምህር። ዳኛው እርስዎ ነዎት። ማን ጠየቀኝ?» ይህን አለችና ፊቷ ተለወጠ፤ ምን እንዳለች ለራሷም አሁን የገባት መሰለ። አድራሻውን ሲጠይቃት ተው ብላ አልተከራከረችም፤ የተማሪዎችን መዝገብ ገልጣ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችለት።

ለሚስቱ የገባውን ቃል ረሳ ማለት ሐሰት ነው። አልረሳም። ግን «ኑ» የሚለው ቃል አንጀቱን ቆርጦታል፤ እስከ ሐሙስ ሦስት ቀን መቻል አቃተው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ሐፍረቱን ዛሬውኑ፣ በገዛ እጁ ማጠብ ፈለገ። ሰው ክፉ የሚሠራው በክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓለም እንዴት በቀለለች!

ሕንፃው አራት ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነበር። በመንገዱ ላይ አንድ ብልሃት አስቧል፤ ከትምህርት ቤት ነው የመጣሁት ካለ ልጅቷን ያጋልጣታል፣ ስለዚህ የሠፈር ሰው ነኝ ይላል። በዚህ ብልሃቱ ትንሽ ኮርቶም ነበር። አንኳኳ።

የከፈተው ሰውዬ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጺሙን የተላጨ፣ ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ ሰው ነው። ሰዓት ሠሪ ነው፤ ከሥራ መግባቱ ነበር። ፈገግ አለ። ቁልፉ በእጁ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ምን ልታዘዝ?»

ቋጣሪው ቁልፉን አየው። «የሠፈር ሰው ነኝ፣ የኔ ወንድም። እዚህ ቤት ሰላም የለም የሚል ነገር ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«እዚህ ቤት?» ሰዓት ሠሪው ሳቀ፤ ሳቁ ደስ ይላል። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። «ቴሌቪዥናችን ትንሽ ይጮሃል፣ ይቅርታ።»

«ስለ ቴሌቪዥን አይደለም። ስለ ድብደባ ነው የሰማሁት።»

«እህ! ከታች ያሉት ሴትዮ ናቸው አይደል? እሳቸው እኮ ወሬ ካላገኙ ቀኑ አይመሽላቸውም። ጋሼ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ በዚህ ዕድሜዎ የጎረቤት ወሬ ተሸክመው ይህን ሁሉ ደረጃ ወጡ?»

ወሬ። የገዛ ቃሉ ነው የተመለሰበት። ዕድሜውን ሙሉ ምንጭ የሌለው ማስረጃ ወሬ ነው ሲል የኖረ ሰው፣ ወሬ አመላላሽ ተብሎ ደረጃ ላይ ቆመ። ደሙ ፈላ። አእምሮው የሚያውቀውን አንድ መልስ አፉ ላይ አስቀመጠለት፤ አፉም ሳይጠይቅ አወጣው።

«ወሬ አይደለም» አለ ኮስተር ብሎ። «ከዚሁ ከቤት ውስጥ የወጣ ቃል ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የልጅቷን ስም አልጠራም፤ እንዲያውም በጥንቃቄ የተናገረ መስሎት ነበር። የሰዓት ሠሪው ፈገግታ እንዳለ ቀረ፤ ጣቶቹ ብቻ ቁልፉን ጨበጡት።

«እንዲያ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ወደ ውስጥ ዞሮ ተጣራ፦ «ነይ እስቲ፣ እንግዳ ይጠይቅሻል።»

አንዲት ሴት እጇን በልብሷ እያደረቀች ብቅ አለች። ዓይኗ እሱ ላይ አላረፈም፤ ከትከሻው በላይ ደረጃውን ነው የምታየው።

«እህቴ፣ ደህና ነዎት?» አላት።

«ደህና ነን ጋሼ። ምንም የለም።»

«እውነቱን ቢነግሩኝ ልረዳዎት እችላለሁ።»

«ምንም የለም አልኩ እኮ። እግዜር ይስጥልን።»

በዚህ መሀል ከውስጠኛው ክፍል የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ አለ። አንድ ሰው ስለ አየር ጠባይ ሲያወራ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ቋጣሪው ሰማው። ምን ማለት እንደሆነም ያውቃል፤ ቅዳሜ በገዛ ጆሮው ተነግሮታል። ግን ሴትየዋ ምንም የለም ብላለች፣ ሁለት ጊዜ ጠይቋት ሁለት ጊዜ ብላለች፣ ያልተባለ ነገር ደግሞ እንዴት ይመዘናል? ይዟቸው የሚሄድበት ቦታስ የት አለው? ሐሙስ ከነማደሪያው፣ ከነፖሊሱ እንመጣለን አለ በሆዱ። «እንግዲያው ደህና ዋሉ» ብሎ ደረጃውን ወረደ። በሩ ከኋላው በቀስታ ተዘጋ፤ ሰዓት ሠሪው በር በኃይል የሚዘጋ ሰው አልነበረም።

ከታች፣ መንገዱ ማዶ ጥቂት ቆመ። ለፖሊስ ልደውል ብሎ ስልኩን አወጣ። ምን እላለሁ? ማስረጃዬ ምንድን ነው? መልሶ ኪሱ ከተተው። ለሚስቱም መሄዱን አልነገራት፤ ማታ ራስ ምታት ሰበብ አድርጎ ቀድሟት ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ስልክ ደወለች። ከሆስፒታል ነው።

«ተነስተህ ና» አለችው።

«ምን ሆነሻል?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። የዚያች ተከራካሪ ልጅ እናት ትናንት አመሻሹ ላይ ገብታ ነበር። ጭንቅላቷ ነው። ዛሬ ጠዋት አለፈች።» ከኋላዋ የአልጋ ጎማ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። «ልጅቷ ከማንም ጋር አልነጋገርም ብላለች። 'የክርክሩን ዳኛ ጥሩልኝ' ትላለች። ሄደህ ነበር?»

ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ኮቱን ይፈልግ ጀመር።

«ሄደሃል» አለች። አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

ልጅቷ የመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሚስቱ የራሷን ሹራብ ደርባላታለች። ከመተላለፊያው ጫፍ አንድ ፖሊስ ወረቀት ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። አባትየው ሌሊቱን ተይዟል። ቋጣሪው ሲመጣ ልጅቷ ብድግ አለች፤ እንዲህ ባለ ቀን እንኳ ለመምህር መነሳት አልረሳችም።

«ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። «ትናንት በሩ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ድምፅዎን አውቄዋለሁ።»

«እኔ ነኝ።»

«አባዬን ምን አሉት?»

«ስምሽን አልጠራሁም። ልጄን ይንሳኝ፣ አልጠራሁም!»

«ቃል በቃል ምን አሉት?»

«ወሬ ነው ሲለኝ… ከዚሁ ከቤት ውስጥ የወጣ ቃል ነው አልኩት።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ስትፈልገው የቆየችውን ነገር እንዳገኘች ሁሉ። «ከሱ ሌላ እኛ ቤት ሁለት ነን» አለች።

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«'ከሁለታችሁ የተናገረችው ማን ናት?' አለን። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ። 'እኔ ነኝ' አለች። ምን እንደተባለ እንኳ አታውቅም እኮ። ውድድር እንዳለብኝ አልነገርኳትም ነበር። ዋንጫውን ይዤ ልገባባት ነበር።»

ቋጣሪው አለቀሰ። አፍንጫውን በእጁ እየጠረገ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። ይቅር በይኝ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ አንሶበት ተወው።

ልጅቷ አላለቀሰችም። «ፖሊሱ እናትየው ለጎረቤት ተናገረች ብሎ ጽፏል» አለች። «እማዬ ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ሰምተውኛል፤ ይመስክሩልኝ።»

«አልሰማሁሽም የኔ ልጅ» አለ ቋጣሪው። «እዚያው ተቀምጬ፣ ነጥብ ሰጥቼሽ፣ አልሰማሁሽም።»

ልጅቷ ፊቷን መለሰችና እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። ከዚህ በኋላ አላናገረችውም።

ተነስቶ ወደ ፖሊሱ ሄደ። «እናትየው ተናገረች የሚለውን ሰርዘው» አለው። «ልጅቷ ናት የተናገረችው። የነገረችው ለእኔ ነው፤ ለአባትየው የነገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።» ፖሊሱ ቀና ብሎ አየው፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ አለና አዲስ ወረቀት አወጣ።